ቤቱን ገዝተውታል

ጉለሌ፣ ኅዳር 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዓምሃ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ሙሉና ልጆቹስ? እኔ ተመስገን አለሁ። የእንጦጦ ብርድ ሲወርድ ደረቴ እንደ ወናፍ ይጮኻል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። ሐኪሙም ያንኑ ነው የሚለው፤ «ሌላ ክረምት እዚህ አትድገሚ፣ ቆላ ውረጂ፣ አስምሽ ቀልድ አይደለም» ይለኛል። መቼ ትመጫለሽ ላልከኝ መልሱ አጭር ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ። ቤቱ ደግሞ መቼ ይሸጣል ብትል መምሬ ስብሐትን ጠይቃቸው።

ገዢ ሁሉ የሚሸሸው ቤቱ ምን ሆኖ ነው ብለህ በእኔ ላይ መቆጣትህን ተው። ቤቱ እማማ ትታው እንደሄደችው ነው። የከፋብን ጎረቤታችን ናቸው። ካህን መሆናቸውን አልክድም። እማማ ስትታመም፣ እኔ የፍቼውን ማስተማር ትቼ እስክመጣ ድረስ፣ ውሃ ያቀበሏት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ታየች መሆናቸውንም አልክድም። ግን ቤቱን ልሸጥ ነው ካልኩበት ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነዋል።

መጀመሪያ ለመጡት ባልና ሚስት «ጣሪያው ያፈሳል» አሏቸው። ያንን ቆርቆሮ ስናስቀይር ከታች ሆነው ያቀበሉን እኮ ራሳቸው ናቸው! ቀጥላ ለመጣችው ሴትዮ ደግሞ «ይህ ግቢ በየክረምቱ መብረቅ ይወድቅበታል» አሏት። ሴትዮዋ ወደ ሰማይ ቀና ብላ አየችና ጃንጥላዋን ብድግ አድርጋ ወጣች። በኅዳር! የባሰው ግን ሦስተኛው ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ አናጢ ይዞ መጣ። ጓሮ ዞረና «ይህን ጌሾ አስነቅዬ ሽንት ቤት አስቆፍርበታለሁ» ከማለቱ መምሬ አጥሩን ዘለው ከተፍ አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ቀሚሳቸው! ሰውዬውን በመቋሚያ እስከ መንገዱ ድረስ አባረሩት።

እትዬ ታየችን «መምሬን ምን ነካብኝ?» ብዬ ብጠይቃቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ሰው የሚለው ልጃቸው ብርሃኔ ሱዳን ገብቶ ከጠፋ ወዲህ ኀዘን አናታቸው ላይ ወጥቷል ነው። ሊሆን ይችላል። ታዲያ የእሳቸውን ኀዘን የእኔ ሳንባ ይክፈለው?

በል ልጆቹን ሳምልኝ።

እህትህ የሺሀረግ

---

ጉለሌ፣ ኅዳር 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዓምሃ፣

ሰላምታዬን እንደ ወትሮው አድርገህ ተቀበለኝ፤ ረጅም ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም። ትናንት እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሕዝቡ ገና ሳይበተን፣ መምሬ ስብሐት መስቀላቸውን ይዘው ከደጀ ሰላሙ ቆሙና ቤታችንን ገዝተውታል። በሰው ሁሉ ፊት! ሰፈሩ አፉን ይዞ ቀርቷል። ከእንግዲህ ሌላ ገዢ በራችንን አያንኳኳም። እኔ ከትናንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። ቀጥሎ የምናደርገውን ቶሎ ጻፍልኝ።

የሺሀረግ

---

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም የሺሀረግ፣

እልል ብያለሁ! ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ሙሉን ጠርቼ ደግሜ አነበብኩላት። እህል በአፌ አልዞረም ስትይ ሁለታችንም ሳቅን፤ ደስታ እንዲህ ሲያስጾም አይቼ አላውቅም። እኔም ባቡር ጣቢያ ለመንገደኛው ቲኬት ስቆርጥ ለሰው ሁሉ ስስቅ ዋልኩ።

ታዲያ መምሬ ገዢ ሲያባርሩ የከረሙት ለራሳቸው ፈልገውት ኖሯል? መብረቁ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ! እንዲህ ያለ ብልጠት ከቄስ አልጠበቅሁም። በልቤ የተሳደብኩትን ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ መስቀል ይዞ በሕዝብ ፊት የሚገዛ ሰው የት ይገኛል? ለዚህ ውል ራሱ አያስፈልገውም። የራሳቸውን ቤት ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ እንጃ፣ መቼም አንድ ያሰቡት ነገር ይኖራል።

ቀጥሎ የምናደርገውን ላልሽው አትጨነቂ፣ ጨርሼዋለሁ። በዚያ ደረትሽ ከቢሮ ቢሮ እንዳትንከራተቺ ብዬ ለቀበሌው ሊቀ መንበር በአደራ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። «ወራሽ በመሆን በስሜ የተመዘገበውን ቤት የገዙኝ ጎረቤቴ ቄስ ስብሐት ስለሆኑ የስም ዝውውሩ ይፈጸምልኝ» ብዬ፣ ግርጌው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብዬ። ማን ገዛው ብለው አንቺን እንዳይመላለሱብሽ የእሳቸውንም ቤት የት እንደሆነ ገልጬላቸዋለሁ።

ሙሉ ለመኝታሽ መጋረጃ እየሰፋች ነው። ክፍሉ አንድ ቢሆንም በመጋረጃ ሁለት እናደርገዋለን፣ የራስሽን ቤት እስክንፈልግልሽ ድረስ። መምሬን በእኔ ስም መስቀላቸውን ተሳለሚልኝ።

ወንድምሽ ዓምሃ

---

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዓምሃ፣ ምን አደረግክ? ወንድሜ፣ ምን ነካህ?

እኔ ገዝተውታል ብዬ ጻፍኩ እንጂ መቼ ገዝተውታል አልኩህ? ይኸው፣ አሁንም ወረቀቱ ላይ አንድ ሆነው ወጡ! አጥብቀህ አንብበው፤ ዝን አጥብቃት! ግዝት ነው የምልህ፣ ግዝት! መምሬ በዚያ እሁድ «ይህን ቤት የገዛ፣ ያሻሻጠ፣ አፈሩን የቆፈረ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን» ብለው በመስቀል ዘጉት። እህል በአፌ ያልዞረው በድንጋጤ ነው። አንተ አላልተህ አነበብከውና ሰውዬውን ባለ ሁለት ቤት አደረግካቸው።

ዓርብ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዷቸው። ሊቀ መንበሩ ጓድ መዝገቡ ያንተን ደብዳቤ እያውለበለበ «አዋጁ አንድ ሰው አንድ ቤት ይላል፤ እኚህ ቄስ ትርፍ ቤት ይገዛሉ! ሻጩ ራሱ መስክሯል!» ይላል። ሻጩ አንተ ነህ፣ ገባህ? የቤታቸውን ምልክት ሳይቀር ጽፈህለታል። እትዬ ታየች ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ ከኋላ ተከተሉ። አልጮኹም፣ አልለመኑም።

ከሰፈሩ አንድ ሰው «ተገዘተ እንጂ አልተገዛም» ብሎ ቀበሌ የሄደ የለም። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ግዝት ሲሰማ ነበርኩ ብሎ ማን ይመዝገብ?

የሚያሳዝነው፣ ግዝቱ የማያስፈራው ገዢ ተገኝቶልን ነበር። ሽሮ ሜዳ ልብስ የሚሸጠው ኑሪ ነው። እስላም ስለሆነ ሰዎች ወደ እሱ መሩኝ። መጥቶ አየው፣ ወደደው፤ ጓሮውን አስቆፍሮ የዕቃ ቤት ሊሠራበት አሰበ። ግን ምን አለኝ መሰለህ? «እኔን የእናንተ ግዝት አያገኘኝም። ቢሆንም አንድ የሃይማኖት አባት በከንቱ እንዲህ አይሉም። ምክንያታቸውን ጠይቀሽ ንገሪኝ፣ ከዚያ እገዛለሁ» አለኝ። ምክንያቱን ልጠይቅ ስል ሰውዬው ታሰሩ።

መምሬ ስንት ሌሊት አስለቅሰውኛል፣ ግን ባልሠሩት እንዲታሰሩ አልፈልግም። ነገ ቀበሌ ሄጄ እውነቱን አፈርጠዋለሁ። አንተም ስሕተት ነው ብለህ ዛሬውኑ ጻፍ።

የሺሀረግ

---

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ተቀምጬ ሳለሁ መሆኑ በጀኝ፤ ብቆም ኖሮ እወድቅ ነበር። ሙሉ የቀደመውን ደብዳቤ ከሣጥን አውጥታ አጥብቃ አነበበችልኝ። ያው ፊደል፣ ያው ቃል፤ ግን ከአፏ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነ። እልል ያልኩበትን ቀን ረገምኩት። ዛሬ ገና ነው፣ እዚህ ቤት ግን የበዓል ወግ የለም።

የማስተካከያውን ደብዳቤ ጽፌዋለሁ። «ቄስ ስብሐት ቤቱን ገዘቱት እንጂ አልገዙትም» ብያለሁ። ፖስታ ቤቱ ከበዓሉ በኋላ ሲከፈት እልከዋለሁ። አንቺስ ቀበሌ ሄድሽ? ምን አሉሽ? ዝምታሽ አሳስቦኛል። መምሬን የምታገኚያቸው ከሆነ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ በያቸው።

ዓምሃ

---

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዓምሃዬ፣

ይህን የምታመጣልህ ሀጂራ የኑሪ እህት ናት፤ ለንግድ ድሬዳዋ ትመላለሳለች። በፖስታ ያልላክሁት ፖስታ የማይታመንበት ነገር ስላለው ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ለቀበሌው አንዲት ቃል እንዳትጽፍ! ጽፈህ ከሆነ ቅደደው።

በጻፍኩልህ ማግስት ቀበሌ ልሄድ ስወጣ እትዬ ታየች በራፋችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እጄን ያዙና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ጌሾው ስር ሲደርሱ ቆሙ።

«ብርሃኔ እዚህ ነው» አሉኝ።

አልገባኝም። ዙሪያዬን አየሁ፣ የተደበቀ ሰው ያለ መስሎኝ። እሳቸው መሬቱን ያያሉ። ያኔ ገባኝ።

ዓምሃ፣ ልጁ ሱዳን አልገባም። በዚያ ልጆች በየመንገዱ በሚረግፉበት ዘመን፣ እኔ ፍቼ አንተ ድሬዳዋ ሳለን፣ ቆስሎ እየተጎተተ እናቱ ቤት ደረሰና እጃቸው ላይ ሞተ። ቢያወጡት ሬሳው ይወሰዳል፣ እነሱም ይጠየቃሉ። የእነሱ ግቢ መንገድ ዳር ነው፣ ከጠባቂዎቹ ኬላ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ወደ እኔ ጓሮ አምጡት» ያለቻቸው እማማ ናት። አባቱ ራሳቸው ቆፍረው፣ ራሳቸው በሹክሹክታ ፍትሐት አድርሰው ቀበሩት። ጌሾውን ከላይ የተከለችው እማማ ናት። ለእኔ፣ ለአስታማሚ ልጇ፣ ሳትነግረኝ ሞተች።

ከዚያ ጀምሮ ራሴን ይቅር ማለት አቃተኝ። ዓመት ሙሉ እዚያ ገመድ ላይ ልብሴን ሳሰጣ፣ እያንጎራጎርኩ፣ ውሃዬን እዚያው ስደፋ ኖሬያለሁ። እትዬ ታየች ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ያዩኝ ነበር ማለት ነው። «ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው «ያወቀ ይጠየቃል ልጄ። አንቺን ምን በወጣሽ» አሉ። ለካስ መምሬ ምክንያቱን መናገር ባይችሉ፣ ሌላ አጥር ሲያጡ ነው ግዝት ያጠሩበት። ቢሸጥ ይቆፈራል፤ ቢቆፈር ልጃቸው ይወጣል። እኔ ደግሞ ክፉ ጎረቤት እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳማቸው ከረምኩ።

በበነጋው ቀበሌው ራሱ ጠራኝ። መምሬ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥምጣማቸውን አስወልቀዋቸዋል። የካህን ራስ ባዶውን ሳይ ዓይኔን የት እንደማደርገው አጣሁ። ጸሐፊው የእሳቸውን ቃል አንስቶ አነበበ፦ «ቤቱን በራሴ ፈቃድ ገዝቼዋለሁ፤ አልክድም»። አላልቶ ነው ያነበበው። ወረቀቱን አሳዩኝ፤ በራሳቸው እጅ፣ በዚያ በቁም ጽሕፈታቸው የተጻፈ ነው። በቃል አልናገርም፣ ስጡኝና ልጻፈው ብለው ኖሯል። ገባህ? ሐሰት አልተናገሩም። የጻፉት እውነት ነው። እነሱ እንደፈለጉ ቢያነቡት ዝም አሉ።

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ፣ «አጥብቁት» ብል፣ ከእስር ይወጣሉ። ግን ወዲያው «ለምን ገዘቱት? ጓሮው ውስጥ ምን አለ?» ይመጣል፤ ከዚያ አካፋ ነው። «ቤቱ የወንድሜ ነው፣ እሱ ያውቃል» ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ነገሩ አንተ እጅ ነው። ጓድ መዝገቡ ቁርጡን ነግሮኛል። ሻጩ ቤቱን ሸጬ ዋጋውን ተቀብያለሁ ብሎ ካረጋገጠ ቄሱ ይለቀቃሉ፣ ከሁለቱ ቤት አንዱን መርጠው ሌላውን ለመንግሥት ያስረክባሉ። ካላረጋገጠ ነገሩ ወደ ላይ ሄዶ ይመረመራል። ሰውዬው መንገድ ዳር ያለውን የመምሬን ቤት ለኅብረት ሱቅ ጎምጅቶበታል፤ ያንን ካገኘ ሌላ አይቆፍርም። መምሬ የትኛውን እንደሚመርጡ መቼም አልነግርህም።

ዋጋ ብዬ ጻፍኩ እንጂ ዋጋ የለም። ከየት ያመጣሉ? እሺ ካልክ የእናታችንን ቤት በነጻ ሰጠን ማለት ነው። እኔ ሻንጣዬን ብቻ ይዤ መጥቼ መጋረጃው ጀርባ እተኛለሁ። አልዋሽህም፣ እፈራለሁ። ያ ቤት ለእኔ ቆላ ላይ የምገዛው አየር ነበር። ቢሆንም እሺ በልልኝ። እምቢ ብትል አልፈርድብህም፣ ግን እኔ በዚያ ጓሮ ዳግመኛ አልራመድም።

ይህን አንብበህ እሳት ውስጥ ጣለው።

የሺሀረግ

---

ድሬዳዋ፣ ጥር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

በሀጂራ እጅ የላክሽው ደርሶኛል፤ ይህንንም የምታደርስልሽ እሷው ናት። እንዳልሽው አድርጌዋለሁ። ያንን የማስተካከያ ወረቀትም አልላክሁትም፤ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ወረፋው ረዝሞብኝ ተመልሼ ነበር። ያ ወረፋ ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!

ሁለት ቀን መልስ ያልሰጠሁሽ በሌላ አይደለም። ያንቺን ደረት እያሰብኩ ነው። ሌሊት ሌሊት ስታስዪ እዚህ ሆኜ የምሰማሽ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ሙሉ «አንተ እናት ብትሆን ኖሮ ሁለት ቀን አይፈጅብህም ነበር» አለችኝ። ተነሥቼ ጻፍኩ። ቤቱን ለቄስ ስብሐት መሸጤን፣ ዋጋውንም ያለ ምንም ጉድለት መቀበሌን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። እንዲህ ያለ ሐሰት እንዲህ ቀልሎኝ ይጻፋል ብዬ አላስብም ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ልጆቹም ይንጫጫሉ። ግን አየሩ ደረቅ ነው። ቶሎ ነይልን። መምሬና እትዬን በእኔ ስም ሳሚልኝ፤ ሌላ የሚባለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ ዓምሃ

---

ጉለሌ፣ የካቲት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዓምሃ፣

ይህንንም የላክሁት በሀጂራ እጅ ነው። መምሬ ተፈቱ። ከስተዋል፣ ጢማቸውም ነጥቷል። በመጀመሪያው እሁድ ያደረጉት ግዝቱን መፍታት ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ የሚለውን ብትሰማ! «ለካ ለራሳቸው ነው! ሰውን በመስቀል አስፈራርተው ቤቱን ዋጥ አደረጉት!» ይላል። እጃቸውን ይሳለሙ የነበሩ ሴቶች አሁን ዞር ብለው ያልፋሉ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቅዳሴያቸውን ቀድሰው ይመለሳሉ። እኔ አንድ ቃል ማለት አልችልም። ምላሴን ስነክስ ነው የምውለው።

ያለፈው ማክሰኞ ቤታቸውን አስረከቡ። ወጣቶቹ ወዲያው የኅብረት ሱቅ የሚል ሰሌዳ ሰቀሉበት። እኛ አልጋውንና ሣጥኑን ወደ ወዲህኛው ቤት አሻገርን። ዕቃው ገብቶ ሳያልቅ እትዬ ታየች ወደ ጓሮ ሄዱ። ሄደው ጌሾው ስር ቁጭ አሉና ጮኹ።

እንዲያ ያለ ለቅሶ በሕይወቴ አልሰማሁም። ደረታቸውን እየደቁ፣ መሬቱን በእጃቸው እየመቱ፣ ያለ ማፈር፣ ያለ መፍራት። አበቃ፣ አሁን ሰው ሁሉ ያውቃል አልኩ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን እንደያዘ መጣ። አየና «ለቤታቸው ነው። ተዋቸው፣ ይውጣላቸው» ብሎ ተመለሰ።

ሴቶቹ ዙሪያቸውን ተቀመጡ። ሲያሟቸው የሰነበቱት ሁሉ ሆዳቸው ባባ። «ቤት ምን አላት፣ ጤና ይስጥሽ» ይላሉ። «የኖሩበት ነዋ፣ ወልደው ያሳደጉበት» ይላሉ። አንዷ ለቅሶ ስታይ መቼም አይሆንላትም፣ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁላቸውም። እኔ ከእትዬ ጎን ሆኜ እንደ እህት አለቀስኩ። መምሬ ከግድግዳው ተጠግተው ቆመዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሉትን እኔ አውቀዋለሁ፣ አንተም ታውቀዋለህ።

ማታ ምግብ ይዘው መጡ። በሦስተኛውም ቀን ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው መጡና ሲያጫውቷቸው ዋሉ። ሲወጡ የሰፈሩ ቀልደኛ ወይዘሮ ሀመልማል፣ ልታስቃቸው ብላ፣ ልክ ሰው እንደ ሞተበት ቤት ጎንበስ አለችና «በይ እንግዲህ፣ እግዜር ያጥናሽ» አለቻቸው። ሴቶቹ ሳቁ።

እትዬ ታየች አልሳቁም። ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «አሜን» አሉ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ይህን ቃል የሰሙት ገና ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ በባቡር እነሣለሁ።

እህትህ የሺሀረግ